ከስደት ተመላሾች ጋር አፓረንት (የተግባር ልምምድ) የወጣችሁ የጎንደር ተማሪዎች፣ እስቲ ወዲህ በሉ

የማራኪዋ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለዚህ ቤት።

የሶሻል ወርክ 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለ8 ሳምንት ፊልድ የተመደብኩት አዘዞ አካባቢ ያለ አንድ ከስደት የተመለሱ ሴቶች ማኅበር ነው። ማኅበር ስላልኩ ትልቅ ቢሮ እንዳይመስላችሁ። አንድ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የማይሠራ ፕሪንተር፣ ከጀርባ ሦስት ምጣድ ያለበት ጓዳ። ሴቶቹ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ሐሙስ ሐሙስ ቁጠባ አላቸው። አብዛኞቹ ከሳዑዲ፣ ከኩዌትና ከቤሩት የተመለሱ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ሱዳን ጦርነት ሲነሳ ከካርቱም የወጡ ናቸው።

ከዲፓርትመንት የተሰጠኝ 6 ገጽ ቅጽ አለ። መቼ ወጣሽ፣ በማን በኩል፣ ስንት ከፈልሽ፣ ምን ደረሰብሽ፣ አሁን ምን ይሰማሻል። 10 ሰው ማናገር አለብኝ። ማክሰኞ ዕለት ከአንዷ ጋር ተቀመጥን። ሊጥ ከጣቶቿ መሃል እየፋቀች ትመልስልኝ ነበር። «ምን ደረሰብሽ» የሚለው ጋ ስንደርስ ዝም አለች።

«ስንተኛዋ እንደሆንሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት።

«አምስተኛዋ ነሽ። የመጀመሪያዋ አለቀሰች፤ እኔው አባበልኳት። ሁለተኛው ፎቶ አነሳኝ። የሌሎቹን መልካቸውንም ረስቼዋለሁ። አንዳችሁም ተመልሳችሁ እንዴት ዋልሽ አላላችሁኝም።»

ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እሷ ወደ ምጣዷ ተመለሰች። እኔ ጭሱ እስኪያስነባኝ ድረስ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ጭሱ ነው እንበል።

ገና 5 ሳምንት ይቀረኛል። ሎግቡክ መሞላት አለበት፣ አድቫይዘሬም ቅጹን ይጠብቃል። እንዲህ ዓይነት ቦታ የወጣችሁ ምን ሠራችሁ? የምር የጠቀመ ነገር ማለቴ ነው።

ዶርም ሰባት

አንቺ ቢያንስ ሰው አግኝተሻል። እኔ 2 ወር ሙሉ አንድ ቢሮ ተቀምጬ የተማርኩት ፋይል በፊደል ተራ መደርደር ነው። መጨረሻ ላይ የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። ስሜን ተሳስተው።

ቆላ ድባ ያደገ

እህቴ፣ እኔ ከጎንደር በጤና መኮንንነት የተመረቅኩ ነኝ። ቆየት ብያለሁ። ለጤና ተማሪ ይሄ ነገር አዲስ አይደለም፤ ቲቲፒ የሚባለውን የቡድን ሥልጠና ሳያልፍ የሚመረቅ የለም። ነገሩ የመጣውም ከችግር ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደምቢያ ላይ ወባ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እሱ ነው። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው) አንድ ላይ ይማራሉ፣ አንድ ላይም ገጠር ይወጣሉ።

የእኛ ሱፐርቫይዘር የመጀመሪያ ቀን ምን አለን መሰላችሁ፦ «መጠይቁን አስቀምጡና አካፋ ያዙ።» የምሩን ነበር። ሦስት ቀን የመጸዳጃ ጉድጓድ ቆፈርን። መዳፋችን ውሃ ቋጠረ። በአራተኛው ቀን አንዲት እናት ጠላ ይዘውልን መጡ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው ስንት ልጅ እንደወለዱና ስንቱን እንደቀበሩ ነገሩን። ማንም አልጠየቃቸውም። ጥያቄው መጠይቁ ላይ ነበር፣ ቁጥር 14።

ስለዚህ እንጀራ መጋገር ጀምሪ። እየቀለድኩ አይደለም።

የማራኪዋ

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። እናቴ ቤት እጋግራለሁ ባይ ነበርኩ። የማኅበሩ ምጣድ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ዓይን አላወጣም። ሁለተኛው ሰፌዱ ላይ ሳይደርስ ተቀደደ። ሦስተኛውን አንዷ «ይሄ የሊባኖስ ካርታ ነው» አለችና ሁሉም በሳቅ ወደቁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እውነቱ ይነገር

ሁላችሁም ደስ የሚል ነገር ትጽፋላችሁ። እኔ ደግሞ የማይጥመውን ልናገር። ተማሪው የሚመጣው ለኤ ነው። ዲፓርትመንቱ የሚልከው «የማኅበረሰብ አገልግሎት ሰጠን» ብሎ ሪፖርት ለመጻፍ ነው። ማስተማር፣ ምርምር፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ ሦስቱንም ይጠይቃላ። ድርጅቱ ተማሪ የሚቀበለው ደመወዝ ስለማይከፍል ነው። ባነር ይሰቀላል፣ ውሃና ብስኩት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። ተመላሿ የሚያስፈልጋት ብር ነው። የምግብ ዘይት፣ ጤፍ፣ የቤት ኪራይ። አንቺ ይሄን መስጠት ትችያለሽ? አትችይም። ታዲያ ምን ፈልገሽ ሄድሽ?

ዶርም ሰባት

ወንድሜ ማን ጎዳህ?

ተመላሽ ነኝ

«እውነቱ ይነገር» ያልከው ግማሹ እውነት ነው። ባነሩንም ብስኩቱንም አውቀዋለሁ። ግማሹን ግን አታውቀውም፤ ስላልደረሰብህ።

እኔ በ2006 ሳዑዲ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ወደ አገር ቤት ስትመልስ ከመጡት አንዷ ነኝ። ጅዳ 7 ዓመት ሠርቻለሁ። ስወጣ 16 ዓመቴ ነበር፤ ፓስፖርቴ ላይ ግን 26። ደላላው ነው ያሳደገኝ። ፓስፖርቱ ማዳም ጋ ቀረ፣ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) አልነበረኝም፣ ከተርሂል (ከአገር የሚባረር ሰው ከሚቆይበት) በሊሴ ፓሴ ተሳፈርኩ። አንድ ወረቀት ነው። ለአንድ መንገድ ብቻ።

ጎንደር ደረስኩ። መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ሄድኩ። «መሸኛ አምጪ» አሉኝ። ከየት? ከወጣሁበት ቀበሌ። እዚያ ሄድኩ። «እዚህ ተመዝግበሽ አታውቂም።» በ16 ዓመት ማን መታወቂያ ያወጣል? መታወቂያ ከሌለኝ የባንክ ደብተር የለም። ደብተር ከሌለኝ ብድር የለም። ያጠራቀምኳትን ትንሽ ብር የሰው ስም ላይ አስቀመጥኩ። ሰውየው በላው። የሥጋ ዘመድ ነው፣ እሱን ተዉት።

ከዚያ አንዲት ተማሪ መጣች። ቅጽ አልያዘችም፤ ወይም ይዛ ይሆናል፣ አላወጣችውም። «ዛሬ ምን ቸገረሽ?» አለችኝ። ቀበሌ አልኳት። አራት ቀን አብራኝ ተመላለሰች። ወረፋ ላይ አብራኝ ቆመች። የጎረቤት ምስክር ሦስት ሰው ፈልጋ፣ እያንዳንዳቸው የሚመቻቸውን ሰዓት ጽፋ ይዛ አመጣቻቸው። ጸሐፊው ሲቆጣኝ እሷ ዝም ብላ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ምን እንደምትጽፍ ስለማያውቅ ድምፁ ይቀንሳል። በኋላ ሳየው የስልክ ቁጥር ነበር የምትጽፈው፣ ያንኑ ደጋግማ።

መታወቂያዬን አገኘሁ። ዛሬ ቅዳሜ ገበያ ሱቅ አለኝ። ያችን ልጅ ስልኬ ላይ «ቀበሌ» ብዬ ነው የመዘገብኳት። ለእንቁጣጣሽ እንደዋወላለን።

ብር አልሰጠችኝም። ቢኖራት ትሰጠኝ ነበር። እኔ ግን ያኔ ብር ቢሰጠኝም የማስቀምጥበት አልነበረኝም።

የማራኪዋ

እህቴ፣ ይሄን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ዛሬ ምን ቸገረሽ» የሚለውን ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ።

ፈጣን ጉዞ

ወደ ኩዌት ዱባይ ቤሩት ለቤት ሠራተኝነት ፈጣን ፕሮሰስ!! ልምድ አያስፈልግም!! ቅድሚያ ክፍያ በቅናሽ!! ኢንቦክስ

የመድረኩ ጠባቂ

ከላይ ያለው ላይ የነበረው ስልክ ቁጥር ተሰርዟል፣ ሰውየውም ታግዷል። ጽሑፉን ግን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ስለ ተመላሾች በሚወራበት ክር ውስጥ እንኳ አያፍሩም።

የሕግ ባች

ጥሩ ነው የተውከው፣ ለትምህርት ይሆነናል። «ቅድሚያ ክፍያ» ያላትን አያችሁ? የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 (በ1246/2013 የተሻሻለው) የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢንሹራንሱንም አሠሪው ይክፈል ይላል። ሠራተኛዋ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ያለውን የራሷን ወጪ ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነች አትሄድም። ስለዚህ «ለቪዛ ይህን ያህል» ያለ ሁሉ ወይ ሕገወጥ ነው ወይ ሕጋዊ መስሎ እየዘረፈ ነው። በሕገወጥ መንገድ ድንበር ለሚያሻግረውና በሰው ለሚነግደው ደግሞ አዋጅ 1178/2012 አለ፤ የ2007ቱን 909ን የተካው።

ወደ ማራኪዋ ልመለስ። እኔ በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ተራ እገባለሁ። ተማሪዎች ስትመጡ ሁሌ የማየው ስህተት አለ። በአማርኛ ሁሉንም «ስደተኛ» እንላለን። ቢሮ ስትሄጂ ግን የትኛውን በር እንደምታንኳኪ የሚወስነው ቃሉ ነው። ከኤርትራ ወይም ከሱዳን ሸሽቶ የመጣ የውጭ ዜጋ ስደተኛ ነው። ጉዳዩ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ጋ ነው፣ ሕጉም 1110/2011። ዳባት አጠገብ ዓለምዋጭ ያሉት ኤርትራውያን እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ይሄ አዋጅ የ1996ቱን 409ን ሲተካ የመሥራት፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈት፣ መንጃ ፈቃድ የማውጣት መብት አስገብቷል። በአገሩ ውስጥ ቤቱን ጥሎ የመጣ ተፈናቃይ ነው፤ ሌላ በር። ያንቺ ሴቶች ተመላሽ ናቸው። ዜጎች ናቸው። መጠለያም ራሽንም የላቸውም። በራቸው ቀበሌ ነው፣ ቀበሌው ደግሞ መሸኛ ይጠይቃል።

የማራኪዋ

አንድ ጥያቄ ካነሳህ አይቀር። ከካርቱም ከመጡት አንዷ የ6 ዓመት ልጅ አላት። እዚያው ነው የተወለደችው። አባቷ ሱዳናዊ ነው፣ የት እንደደረሰ አይታወቅም። የልደት ወረቀት የላትም። ትምህርት ቤት ሊመዘግቧት ሲሉ «ሱዳናዊት ናት፣ ወደ ስደተኞች ውሰጃት» ተባለች። ልጅቷ አማርኛዋ የጎንደር ነው፣ እኔን ትበልጠኛለች። ምን ትሁን?

የሕግ ባች

ኢትዮጵያዊት ናት። ነገሩ ይሄው ነው። የዜግነት አዋጅ 378/1996፦ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 6 ላይ ይህንኑ ይላል። የት ተወለደች የሚለው አይለውጠውም። ልደቷ ዘግይቶ ሊመዘገብ ይችላል፤ የመመዝገቢያው 90 ቀን ስላለፈ በሩ አልተዘጋም። እናቲቱ ግን መጀመሪያ የራሷ መታወቂያ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ከልጅቷ አትጀምሪ፣ ከእናቷ ጀምሪ። አዋጁን አሳትመሽ ያዢ፤ ሰው በቃል ስትነግሪው ይከራከራል፣ ወረቀት ስታሳዪው መነጽሩን ይፈልጋል። ፕሪንተራችሁ አይሠራም ብለሽ የለ? ማዕከሉ ብቅ በይ፣ አሳትምልሻለሁ።

የመተማ ልጅ

ስለ ካርቱም ሴቶች ስትጽፊ ሆዴ ተነካ። ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ተኩስ ሲጀመር እኔ መተማ ነበርኩ። ከገዳሪፍ በኩል እየመጡ ጋላባት ላይ ይከማቻሉ፣ ከዚያ ያችን አጭር ድልድይ ይሻገራሉ። ሱዳናዊው፣ ኢትዮጵያዊው፣ ኤርትራዊው፣ ከሌላም አገር የመጣው፣ ሁሉም በዚያች ድልድይ ነው። ሙቀቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ውሃ ይዘው የወጡት ድርጅቶች አይደሉም፤ ሻይ ቤት ያላቸው ሴቶች ናቸው። ጄሪካኑን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው። ድርጅቶቹ ቀስ ብለው መጡ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ምዝገባ ተጀመረ።

አንዲት ሴት አልረሳም። ካርቱም ሻይ ትሸጥ ነበር። ከቤቷ ያወጣችው ጀበናዋን ብቻ ነው። «ለምን ጀበና?» አልኳት። «ሌላው ከበደኝ» አለችኝ።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጥቶ ቢሆን ምን ይጠቅም ነበር መሰላችሁ? ዓረብኛና አማርኛ የሚያስተረጉም፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ፣ ለቤተሰብ የሚደውል። ሰዉ ቁጥር በቃሉ አያውቅም። ሁሉም ነገር ስልኩ ውስጥ ነው፣ ስልኩ ደግሞ ሞቷል። እኔ በአንድ ጄኔሬተር ሃምሳ ስልክ ሳስቸርጅ እውል ነበር። ይሄ ሥራ በየትኛው ቅጽ ላይ ይገባል?

አሁንማ መንገዱ እንደምታውቁት ነው። ተማሪ ወደዚያ ባይላክ አልፈርድም።

የማኅበር ጸሐፊ

ሰላም ልጆች። እኔ ተቀባዩ ወገን ነኝ። የሌላ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ፣ ከተማችን ውስጥ፣ ስም አያስፈልግም። ከኛ ወገን ያለውንም ስሙ።

አንድ ጊዜ አንድ ተቋም በአንድ ቀን 14 ተማሪ ላከልን። ክፍላችን ስምንት ሰው ነው የሚይዘው። አባሎቻችን ውጭ ቆሙ፣ ተማሪዎቹ ውስጥ ተቀመጡ። ከዚያ የመጣው ሁሉ ምሳ ይበላል። ይሄን ማንም አያነሳውም። እንግዳ ነው፣ ሳይበላ አይሄድም፣ ነውር ነው። ለ14 ሰው ሽሮ የተሠራበት ብር ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ? ከሐሙሱ ቁጠባ።

የምንፈልገው ይሄን ነው። ሁለት ሰው ይበቃል። ጠዋት የሚመጣ፣ በተናገረው ቀን የሚመጣ። የቁጠባ ደብተራችንን ደምሮ የሚያመሳክር፤ የኛ ሒሳብ ከወር ወር 200 ብር ይጠፋዋል፣ የሰው ተንኮል አይደለም፣ የመደመር ነው። ማመልከቻ የሚጽፍልን። አባል ይዞ ቢሮ የሚሄድ። ማታ ልጆቻችንን ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስጠና። ምሳውን በሳህን ይዞ ቢመጣ ደግሞ እሰየው፣ አንቀየምም።

የማንፈልገው ተስፋ ነው። «ከድርጅት ጋር አገናኛችኋለሁ»፣ «ፕሮጀክት እጽፍላችኋለሁ» ብሎ የሄደ ልጅ አለ። ሁለት ዓመት ሆነው። አንዲት አባላችን እስካሁን «ያ ልጅ ምን አለ?» ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

እውነቱ ይነገር

በሽሮው ጉዳይ ያልኩት ልክ ነበር ማለት ነው።

የማኅበር ጸሐፊ

በሽሮው ልክ ነህ ወንድሜ። ሰው አትላኩ ግን አላልኩም።

ባጃጅ ፒያሳ

እኔ ይሄን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ የራሴንም ልጻፍ። የተመረቅኩ ነኝ፣ ሲቪል። ሁለት ዓመት ባጃጅ እየነዳሁ ነው፤ ባጃጁም የሰው ነው። ተማሪ ሳለሁ እኔም ተመላሾች ጋ ፊልድ ነበርኩ፣ ለጓደኛዬ ግሩፕ ሥራ ተተክቼ። የመጣሁት «ስደት መጥፎ ነው» የሚል በራሪ ወረቀት ለማደል ነው። አንዱ ከሊቢያ የተመለሰ ልጅ ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ አጠፈው፣ ከዚያ «አንተ ስትመረቅ ሥራ አለህ?» አለኝ። የለኝም አልኩት። «እና ይሄን ወረቀት ለራስህ ያዘው» ብሎ መለሰልኝ።

አልቀለደም። እኔም አልሳቅሁም። ከጓደኞቼ ሦስቱ በዚያው ዓመት በመተማ ወጡ። አንዱ ካርቱም ደርሶ ደወለ። ከሁለቱ ወሬ የለም።

እንደ ማራኪዋ ያላችሁ ሴቶቹን «ለምን ሄድሽ» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱን ታውቁታላችሁ። ዶርም ውስጥ ማታ ማታ የምታወሩት እሱን አይደል?

ዶርም ሰባት

ነው። ትናንትም ስናወራ ነበር።

ጋሼ መምህሩ

ልጆቼ፣ ጡረታ ላይ ያለሁ መምህር ነኝ። ይሄን ገጽ የልጅ ልጄ ናት የከፈተችልኝ። ፊደል ስለቅም ጊዜ ይፈጅብኛል፤ ታገሱኝ።

ተማሪ ወደ ሕዝቡ ይውጣ የሚለው በእናንተ አልተጀመረም። በንጉሡ ጊዜ የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ ማገልገል ነበረበት። ከዚያ 1967 መጣና እኔም 11ኛ ክፍል ሳለሁ ለዕድገት በሕብረት ዘመቻ ዘመትኩ። ወደ 60 ሺህ ተማሪና መምህር ነው የዘመተው። ስንወጣ ያላወቅነው ነገር ያለ አልመሰለንም። ገበሬውን ልናነቃ ነው የምንሄደው። ነቅቶ ነው የጠበቀን፤ ከኛ ቀድሞ ስለሚነሳ።

ንግግራችንን ማን እንዳስታወሰው እግዜር ይወቀው። ከብዙ ዓመት በኋላ በዚያው ቀዬ ሳልፍ አንድ ሽማግሌ አወቁኝ። «አንተ ያ ደብዳቤ የምታነብልን ልጅ አይደለህም?» አሉኝ። ልጃቸው ወታደር ነበር። በየሁለት ወሩ የሚልከውን ደብዳቤ ማታ ማታ በኩራዝ አነብላቸው ነበር፤ መልሱንም እሳቸው እያሉ እኔ እጽፍ ነበር። እንደ ሥራ አልቆጠርኩትም። ሪፖርታችን ላይም አልነበረም።

ግን የምቆጭበት አለ። የወጣሁት ሌሊት ነው። ጊዜው ክፉ ነበር፣ ብዙዎቻችን ጥለን ሸሸን። ሳልሰናበታቸው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ደብዳቤ ማን እንዳነበበላቸው ልጠይቃቸው አስቤ አፌ አልደፈረም። የኔ ልጅ፣ ስትጨርሺ ቀኑን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ቡና ያፈላሉ። ሦስተኛውን ሳትጠጪ አትነሺ።

ቆላ ድባ ያደገ

ጋሼ እድሜ ይስጥልን። የልጅ ልጅዎንም።

ተመላሽ ነኝ

ማራኪዋ፣ ቅጹን ምን አደረግሽው? አድቫይዘርሽስ?

የማራኪዋ

እሺ፣ የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፤ ጥምቀት ስለደረሰ የእንጀራ ትዕዛዝ በዝቶ እጃችን አልተፈታም። «እጃችን» አልኩ አይደል? እኔ አሁን ማሰሻ ነው የተሰጠኝ፤ ምጣድ አላስነካ ብለውኛል። እንግዳ በሞላበት ከተማ ስማቸውን አላጠፋም።

አድቫይዘሬ ጋ ሄድኩ። እንደሚቆጣ ነበር የጠበቅኩት። ቅጹን አየ፣ «ይሄን ማን ነው የጻፈው?» አለ። ዲፓርትመንቱ አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ 4ኛውን ገጽ ቀዶ አወጣው። «ምን ደረሰብሽ» ያለበትን። በምትኩ የእያንዳንዷን ጉዳይ ከየት ተነስቶ የት በር ላይ እንደቆመ ጽፈሽ አምጪ ተባልኩ። ማን ምን ሰነድ ጎደለው፣ ስንት ጊዜ ተመለሰች፣ ምን ተባለች። ጻፍኩት። ከ11 ሴቶች ስድስቱ መታወቂያ የላቸውም። የሦስቱ ዕድሜ ፓስፖርታቸው ላይ ካለው አይገጥምም። አንዷ በወረቀት ከእናቷ በ9 ዓመት ብቻ ታንሳለች። ይሄን ሳነብላቸው ራሳቸውም ሳቁ።

የቁጠባውን ደብተር ደመርኩ። 340 ብር ጎድሎ ነበር። ሁለት ቀን ፈልጌ አገኘሁት፤ አንድ ገጽ ሁለቴ ተገልብጧል።

የካርቱሟን እናት ይዤ ቀበሌ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ቀን መብራት የለም ተባለ። ሁለተኛው ቀን መሸኛ ተባልን። የሕግ ባች ያሳተመልኝን ወረቀት አወጣሁ። ሠራተኛው እንደተባለው መነጽሩን ፈለገ። አነበበው። ለሌላኛው አሳየው። ተማከሩ። «ሦስት ምስክር፣ የማኅበሩ ደብዳቤ፣ ጉርድ ፎቶ ይዛችሁ ሰኞ ኑ» አለን። እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም። እሷ ግን ስንወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ «ኑ ነው ያለን አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ኑ ነው ያለን አልኳት። ልጅቷ እጄን ይዛ ነበር።

ያችኛዋ፣ አምስተኛዋ ነሽ ያለችኝ፣ እስካሁን ምንም አልነገረችኝም። አልጠየቅኳትም። ትናንት ስገባ ግን «ዛሬ ዘገየሽ» አለችኝ።

ፊልዴ ዓርብ ያልቃል። ቀኑን ነግሬያቸዋለሁ ጋሼ። ሰኞ ግን ከፊልድ ውጭ ሆኜም ቢሆን ጠዋት 2፡30 ቀበሌ በር ላይ ነኝ።

ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ስንት ነው የሚፈልጉት? ሁለት ይበቃል?

ተመላሽ ነኝ

አራት ያዙ። አንዱን ያጠፉታል።

የሕግ ባች

ምስክሮቹ መታወቂያቸው ያላለፈበት መሆኑን ዛሬውኑ እዪ። እኔ ሰኞ ክላስ የለኝም፣ 2፡00 ላይ እዚያው ነኝ።

ባጃጅ ፒያሳ

ምስክሮቹን እኔ አመጣቸዋለሁ። ሰፈራቸውን ኢንቦክስ አድርጊልኝ።